ሐራራ በሙሉ ድምፅ

የዚያን እሑድ ጧት የአብዮት ጥበቃው ገመዳ ከየካ ሚካኤል በላይ ያለውን ዳገት እየዞረ ሰዉን ለስብሰባ የጠራው ቆርቆሮ በዱላ እየደበደበ ነው። የቀበሌው ድምፅ ማጉያ ተሰርቋል። ማን እንደሰረቀው ደግሞ ሾላ ገበያ ውስጥ የማያውቅ የለም፤ ሙዘይን ነው። የሸጠውም እሱ ነው። የገዛው ሰው በየሠርጉ ዘፈን የሚያስጮህ ነጋዴ ስለሆነ፣ አብዮቱ ከፈነዳ ጀምሮ "ጓዶች" ሲል የኖረው ዕቃ ባለፈው ቅዳሜ "ሙሽራዬ" ሲል መዋሉን ሰፈሩ በሙሉ በጆሮው አረጋግጧል።

ቆርቆሮው ሲጮህ የሙዘይን ታላቅ እህት ረሂማ አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀምጣ አንዲት ነጭ ክኒን በምላጭ ትከፍል ነበር። ግማሹን ለወንድሟ በውሃ ሰጠችው። የቀረውን ግማሽ እንደገና ለሁለት ሰንጥቃ አንዷን ሩብ በሻርፗ ጫፍ ቋጠረች። ያቺ ሩብ ወንድሟ ዓሥር ሰዓት ላይ የሚውጣት ናት።

"ዛሬ ሊበሉህ ነው" አለችው። "ምንም ቢሉህ ዝም በል።"

"ቢሰድቡኝስ?"

"ውሸት ሲናገሩ ከሰማህ ያን ጊዜ ትመልሳለህ።"

ሙዘይን አሰብ ድረስ በከባድ መኪና የሚመላለስ ሹፌር ነበር። ሌሊት እንቅልፍ እንዳይጥለው ጫት ይቅማል፤ ሲደርስ ደግሞ ጫቱ አላስተኛ ይለዋል። ጓደኞቹ ምርቃናውን የሚሰብሩት በቢራ ነው፤ ጨብሲ ይሉታል። ሙዘይን ግን ሃይማኖቱን የሚያከብር ልጅ ነውና መጠጥ አፉ አያደርስም። ስለዚህ ጨብሲውን በእንቅልፍ ክኒን አደረገው። ፈጣሪውን ላለማስቀየም አስቦ የገባበት ጣጣ ይኸው ነው። አንዷ ሁለት ሆነች፣ ሁለቱ እፍኝ ሆነ፣ መኪናውን ነጠቁት። ከዚያ ወዲያ የእህቱን የበርበሬ ሚዛን ሸጠ፤ የሟች እናታቸውን ብርድ ልብስ ሸጠ፤ ቤት ውስጥ የሚሸጥ ሲያልቅበት ወደ ቀበሌ ዞረ።

አንዴ "በቃኝ፣ ከዛሬ ጀምሮ አልነካትም" ብሎ ምሎ ነበር። በማግስቱ ሾላ ታክሲ መያዣው ላይ ተዘርሮ አረፋ ሲደፍቅ አገኙት። ጥርሱን በማንኪያ ያስለቀቀው ድሬሰር ለረሂማ የነገራት ቃል እስከ ዛሬ ከጆሮዋ አልወጣም፤ "ድንገት ካቆመ ይሞትብሻል። በትንሽ በትንሹ ቀንሺለት።" ከዚያ ቀን ወዲህ ክኒኑ በእሷ እጅ ነው። እፍኙ አልቆ፣ ሁለቱ አልቆ፣ አሁን ምላጭ ላይ ደርሰዋል። ለቀረው ደግሞ የገመዳ እናት እማማ ጂቱ እንጦጦ ላይ፣ ከባሕር ዛፉ ጀርባ ካለው ቤታቸው፣ ልጁን ተቀብለው እስኪጨርስ ሊያኖሩላት ቃል ገብተዋል። እዚያ ጫትም ክኒንም የሚሸጥ የለም። ያለው ንፋስና ላም ነው።

ስብሰባው ግን ሌላ ነገር አስቦ ነበር።

የቀበሌው አዳራሽ የአንድ ባላባት የእህል መጋዘን የነበረ ቤት ነው። በሩ አንድ፣ መስኮቶቹ ባለ ብረት፤ ከፊት ለፊት የሦስት ጢማም ጓዶች ሥዕል። ከሥዕሉ ሥር የቀበሌው ሊቀመንበር ጓድ አካሉና ከከፍተኛው የተላከው ወጣት ካድሬ ጓድ ፍሥሐ ተቀምጠዋል። ፍሥሐ ከወዳጅ አገር አጭር ኮርስ ወስዶ የመጣ፣ ጫማው የሚያበራ ልጅ ነው። ከላይ የወረደው የውይይት ርእስ ስለ ሱሰኝነት ነበር፤ የአቋም መግለጫውም አብሮ ተረቅቆ ወርዷል። ሰዉ የሚጠበቅበት ተወያይቶ እዚያ የተጻፈው ላይ መድረስ ብቻ ነው።

አካሉ ረቂቁን ቆሞ አነበበ። ድምፅ ማጉያ ስለሌለው የአንገቱ ሥር ገመድ አከለ። ሱሰኛ የሠርቶ አደሩን ላብ የሚመጥ ጥገኛ ስለሆነ ሐዘኔታ አይገባውም፤ ስለዚህ የቀበሌው ሱሰኛ ሙዘይን በነገው ዕለት ወደ መንግሥት እርሻ ተልኮ በጉልበት ሥራ ይታረም፤ ይህም በሙሉ ድምፅ ጸድቋል ይላል። "በሙሉ ድምፅ" የሚለው ከሥሩ ተሰምሮበታል። ጎረቤት ቀበሌ በሙሉ ድምፅ ስላሳለፈ ከዚያ ያነሰ ውርደት ነው። ረሂማ ከዚህ ሁሉ የገባት አንድ ነገር ነው፤ እርሻው ላይ ክኒን ቆራጭ የለም። ወንድሟ ሳምንቱን አያይም።

አካሉ ሌላም ነገር ነበረው። ባለፉት ስብሰባዎች ሰዉ "ውሃ ሽንት" እያለ ወጥቶ ቡናውን ጠጥቶ የሚመለሰው ውሳኔ ካለቀ በኋላ ነው። ስለዚህ ገመዳን ጠራና በካድሬው ፊት አስጠነቀቀው።

"በሩን ከውጭ ትቆልፋለህ። ውሳኔው በሙሉ ድምፅ እስኪጸድቅ አትከፍትም። እኔ ራሴ ብለምንህ እንኳ አትከፍትም።"

"እሺ ጓድ ሊቀመንበር" አለ ገመዳ። የእንጦጦ ገበሬ ልጅ ነው፤ የታዘዘውን እንደታዘዘው ነው የሚያደርገው።

አካሉ በዚህም አልበቃውም። ለርእሱ ክብር ሲባል በዚህ አዳራሽ ዛሬ ሲጋራ፣ ሱረት፣ ጫት፣ በአጠቃላይ በአፍም በአፍንጫም የሚገባ ነገር ክልክል መሆኑን አወጀ። ፍሥሐ ሊለኩስ ያወጣውን ሲጋራ ቀስ ብሎ ወደ ኪሱ መለሰ። ሦስት ሰዓት ተኩል ገደማ ቁልፉ ከውጭ ቀጭ አለ።

ውይይቱ ሞቅ ብሎ ነው የጀመረው። ሙዘይን ከፊት አግዳሚ ላይ ለብቻው ተቀምጧል፤ ተናጋሪው ሁሉ እየተነሳ ጣቱን ይቀስርበታል። የሴቶች ማኅበሯ ወይዘሮ አሳየች ልጃቸውን ኦጋዴን ላይ የገበሩ እናት ናቸው፤ እሳቸው የተናገሩት ግን ካድሬውን ለማስደሰት አልነበረም። "እኔ ልጄን ቀብሬ፣ ያውም ሳላየው፣ ገና ለገና ክኒን ቃመ ብዬ ለዚህ ላልቅስ?" አሉ። ረሂማ አንገቷን ደፋች። ጡረተኛው ጋሽ ወልደ ሐዋርያት ተከተሉ። ወንድ ልጅ ቆረጥኩ ካለ ቆረጠ ነው፤ የቀረው የልፍስፍስ ወሬ ነው ብለው፣ ከዘራቸውን መሬት ላይ መትተው ተቀመጡ። አንዱ የድምፅ ማጉያውን ጉዳይ አነሳ፤ አዳራሹ ሳቀ፤ ሙዘይን እንኳ ሊስቅ ምንም አልቀረው።

ከዚያ እጅ ይውጣ ተባለ። እጅ እንደ ጎመን ዘር በቀለ። አካሉ ዓይኑን ከግራ ወደ ቀኝ ሲያሳልፍ ሦስተኛው ረድፍ ላይ ቆመ።

"ጓዲት ረሂማ፣ እጅሽን ምን ያዘው?"

"ምንም።"

"ታዲያ አውጪዋ።"

"አላወጣም ጓድ ሊቀመንበር።"

አካሉ ሳቀ። ውይይቱ ይቀጥል አለ፤ ያልገባት ካለ ይብራራላት። ተብራራላት። እንደገና እጅ ወጣ፤ የእሷ አልወጣም። ፍሥሐ ተነስቶ ስለ ዕፅና ስለ ኢምፔሪያሊዝም ሴራ ረጅም ነገር ተናገረ። እንደገና እጅ ወጣ። የእሷ ጭኗ ላይ ነው። እጇ የሌላ ሰው እጅ ይመስል ፍንክች አላለም።

ስድስት ሰዓት ሲሆን የመጀመሪያዋ ሰው ወደቀች፤ ማለት ወይዘሮ አሳየች ነጠላቸውን አጣጥፈው ግንባራቸውን ጠፍንገው አሰሩ። ጧት ቡናቸው ሳይፈላ ነው የወጡት። ጠባቸው ከሙዘይን ዞሮ መስኮቱ ላይ ሆነ፤ ብርሃኑ ይበዛል አሉ፤ ቀጥሎ የጎረቤታቸው አተነፋፈስ አስቸገራቸው። ጋሽ ወልደ ሐዋርያት የኮታቸውን የውስጥ ኪስ ይዳብሳሉ፣ እጃቸውን ያወጣሉ፣ ጣታቸውን ያሸታሉ። ሱረቱ እዚያው ነው፤ ከልባቸው አጠገብ። ኋላ ወንበር ላይ አንዱ ወዛደር ያልተለኮሰ ሲጋራ ከንፈሩ ላይ ሰክቶ እንደ ጡጦ ይስባል።

ረሂማ ይህን ሁሉ መጀመሪያ አላየችውም። ዓይኗ ያለው ወንድሟ ላይና መስኮቱ ላይ የሚዞረው ጥላ ላይ ነው። ጥላው ወደ ሥዕሉ ሲደርስ ዓሥር ሰዓት ይሆናል። እንዲህ እንደ ግመል ከተገተረች ስብሰባው አያልቅም፤ ካላለቀ ደግሞ ሰዓቱ ይደርሳል፤ ከደረሰ የዚህ ሁሉ ሰው ዓይን ባለበት የቋጠረችውን ትፈታለች ወይስ ልጁ አግዳሚው ላይ ይንቀጠቀጣል? ክኒን ስትሰጥ ከተያዘች ደግሞ አቀባይ ነሽ ተብላ አብራው ትሄዳለች። እጇን ብታወጣ ይህ ሁሉ ቀረ። አወጣው አላወጣው እያለች ቀና ስትል ጓድ አካሉን አየችው።

ሊቀመንበሩ ያዛጋል።

ተራ ማዛጋት አይደለም። አፉ እስከ ጆሮው ተከፍቶ፣ ዓይኑ እንባ አቅርሮ፣ አገጩ እየተንቀጠቀጠ ነው የሚያዛጋው። ረሂማ ይህን ማዛጋት ታውቀዋለች። ቤቷ ውስጥ ስንት ዓመት ኖሯል። ጊዜውም ከቀትር በኋላ፣ ጫት የሚቃምበት ሰዓት ነው። ሾላ ላይ ከበርበሬዋ ፊት ለፊት ካለችው ጫት ሻጭ በየቀኑ በጋዜጣ ተጠቅልሎ ወደ ማን ቤት እንደሚሄድም ታውቃለች። ጋዜጣው የመንግሥት ጋዜጣ ነው፤ ርእሰ አንቀጹ ሁልጊዜ ወደ ውጭ ነው።

ዞር ዞር ብላ አየች። አዳራሹ በሙሉ ታሟል። የማያዛጋው ራሱን ይይዛል፣ ራሱን ያልያዘው ጥፍሩን ይበላል፤ የፍሥሐ የብዕር ክዳን ተበልቶ ግማሽ ቀርቷል። በዚያ ሁሉ ሰው መሐል ረጋ ብሎ የተቀመጠ አንድ ሰው ቢኖር ጧት ድርሻውን የወሰደው ሙዘይን ነው። ሳቅ አፈናት።

አካሉ ተነስቶ ወደ በሩ ሄደ። ከከፍተኛው አስቸኳይ ስልክ እንደሚጠብቅ፣ ደርሶ እንደሚመለስ ለፍሥሐ ሹክ አለውና በሩን አንኳኳ።

"ገመዳ፣ ክፈት።"

"ጸደቀ እንዴ ጓድ ሊቀመንበር?" አለ ገመዳ በመስኮቱ ብረት።

"እየጸደቀ ነው። ክፈት።"

"እርስዎ ራስዎ ብለምንህ እንኳ ብለዋል።"

"አሁን ልመና አይደለም፣ ትእዛዝ ነው።"

ገመዳ አሰበ። "ትእዛዝን እንዲህ ማሽሞንሞን መለመን ይባላል፣ እናቴ ስትናገር ሰምቻለሁ" አለና ወደ ጥላው ተመለሰ። አዳራሹ ውስጥ ሁለት ሦስት ሰው ሳቀ፤ ሌላው መሳቂያ ጉልበት አልነበረውም። ፍሥሐም በተራው ሄደና ከላይ የተላከ መሆኑን አስረዳ። ገመዳ ከላይ የተላከ ሰው በበሩ ነው እንጂ በጣራው እንዳልገባ፣ ስለዚህም እንደማንኛውም ሰው መሆኑን በትሕትና መለሰለት።

ከዚያ በኋላ ጣቱ ሁሉ ወደ ረሂማ ዞረ። አንዱ ደረቅ አላት፣ አንዷ የሰው ችግር የማይገባት አለች፤ ወይዘሮ አሳየች በታሰረው ግንባራቸው ሥር እያዩዋት፣ "ልጄ፣ ራሴ ሊፈነዳ ነው፤ አትራሪም እንዴ?" አሏት። ቃሉ ከአፋቸው ከወጣ በኋላ ራሳቸው ሰሙት መሰለኝ፣ ነጠላቸውን ዓይናቸው ላይ ጎተቱት።

ጥላው ሥዕሉ ጋ ደረሰ። የሙዘይን ጣቶች ጉልበቱ ላይ እስክስታ ጀመሩ። ቀጥሎ አገጩ። እህቱን አያት፤ ዝም በል ስላለችው ዝም ብሏል፤ ግንባሩ ላይ ግን ላብ እንደ ዶቃ ተደርድሯል።

ረሂማ ተነሳች። የሻርፗን ቋጠሮ ጠበቅ አድርጋው ስለነበር በጥርሷ ነው የፈታችው። በሰዉ መሐል አልፋ አግዳሚው ጋ ደረሰችና ሩቧን መዳፉ ላይ አኖረች።

"ምንድን ነው የምትሰጪው?" ፍሥሐ ከመቀመጫው ብድግ አለ።

"ክኒን ነው።"

ሙዘይን ሩቧን ምላሱ ላይ አደረጋት። ምራቅ አልነበረውም፤ ሁለት ጊዜ ታገለና ዋጣት። አዳራሹ በሙሉ አብሮት ዋጠ።

"በጉባኤ ፊት?" አለ ፍሥሐ።

"በጉባኤ ፊት። አምና ይህን ጊዜ በእፍኝ ነበር፤ ዛሬ የምታዩዋት ናት። ካልሰጠሁት እዚህ እፊታችሁ ይወድቃል። ከወደቀ በኋላ ውሳኔያችሁን ለሬሳ ታነቡለታላችሁ።" ወደ ወይዘሮ አሳየች ዞረች። "እዘኑለት አላልኩም። ሚዛኔን ሸጦብኛል። የእናቴን ብርድ ልብስ ሸጦብኛል። እኔም አንዳንድ ቀን አላዝንለትም፤ ባንቀው ደስ ይለኛል። ግን በዚያም ቀን ክኒኑን እቆርጥለታለሁ። እጄን የማላወጣው ለዚህ ነው።"

ፍሥሐ አልለቀቃትም። በዚህ ሰፈር ይህን ዓይነት ነገር የሚያስገዛ፣ የሚቀበል ማን ማን እንደሆነ ሾላ ተቀምጣ ሳታይ እንደማትቀር፣ ብትናገር ለእሷም ለወንድሟም እንደሚቀልላቸው ነገራት። የአካሉ ማዛጋት ግማሽ ላይ ቆመ። አፉ እንደተከፈተ ቀረ።

ረሂማ አየችው። አንዲት ቃል ብቻ ነበረች፤ ምላሷ ጫፍ ላይ ደርሳለች፤ ጣፋጭ ነች። አካሉ ደግሞ አላዛጋም፤ ዓይኑ ብቻ ለመናት።

"ሾላ ብዙ ነገር ያልፋል ጓድ" አለች። "በጋዜጣ ተጠቅልሎ የሚያልፍም አያለሁ። የማን እንደሆነ ግን ከእኔ አትሰማም። ሰውዬውም ሐራራ አለበት።"

አንድ ነገር ቃ አለ። የጋሽ ወልደ ሐዋርያት የሱረት ቆርቆሮ ክዳን ነው። ሽማግሌው ማንንም ሳያዩ፣ ማንንም ሳያስፈቅዱ ቆንጠር አድርገው በቀኝ፣ ቆንጠር አድርገው በግራ ሳቡና ዓይናቸውን ጨፈኑ። ከዚያ መጋዘኑን ያንቀጠቀጠ ማስነጠስ አስነጠሱ።

"ይማርዎት" አለ ሙዘይን። በዚያ አዳራሽ የተናገረው የመጀመሪያ ቃል ነው።

"እኔ" አሉ ጋሽ ወልደ ሐዋርያት እንባቸውን እየጠረጉ፣ "ከጠላት ወረራ ወዲህ ነገ እተዋለሁ ስል ኖሬአለሁ።"

ከዚያ በኋላ ማንም አልሳቀባቸውም። ሁሉም በአንድ ጊዜ መናገር ጀመረ። ረቂቁ ይለወጥ ያለው ማን እንደሆነ ዛሬም ድረስ አይታወቅም፤ እኔ ነኝ የሚል ሰው ግን በየሰፈሩ አለ። ፍሥሐ ከላይ የወረደ ረቂቅ ሊለወጥ እንደማይችል አስረዳ። ረቂቁ አይለወጥም፣ ይዳብራል እንጂ አለ አካሉ። ሁለቱ ራሳቸውን ገጥመው ተንሾካሾኩ፤ በመሐል ኋላ የተቀመጠው ወዛደር ክብሪት አቀብሎ፣ ፍሥሐ ጀርባውን ለሥዕሉ ሰጥቶ ሦስት ጊዜ በኃይል ሳበ። ሦስተኛው ጭስ ሳይወጣ መፍትሔው መጣለት።

"ጓዶች" አለ ፊቱ በርቶ። "ሱሰኛ ሐዘኔታ አይገባውም። ይህ አይነካም። አብዮታዊ ሐዘኔታ ግን ይገባዋል።"

አዳራሹ አጨበጨበ። እንዲህ ያለ ጭብጨባ ቀበሌው ሰምቶ አያውቅም፤ ከልብ ነበር።

እጅ ይውጣ ሳይባል እጅ ወጣ። ሁሉም ግን ረሂማን ነው የሚያየው። እሷ አሁንም ጭኗን ይዛለች።

"ምን ቀረሽ ደግሞ?" አለ አካሉ፤ ድምፁ የልመና ነው።

"እርሻ አይሄድም። እንጦጦ እማማ ጂቱ ጋ ሆኖ ክኒኑ እስኪያልቅ እዚያ ይቆያል። ይጻፍልኝ።"

ተጻፈላት። ወይዘሮ አሳየች ግን እጃቸውን አወረዱ።

"ዕቃውስ?" አሉ። "ታሟል፣ እሺ። የቀበሌን ዕቃ ግን ሸጧል። ይኸ በሐዘኔታ አይመለስም።"

ሙዘይን ብድግ አለ። ጣቶቹ ረግተዋል። "እኔ ልጥራ" አለ። "ዕቃው እስኪገዛ፣ ስብሰባውን እኔ በአፌ እጠራለሁ። አሰብ መንገድ ላይ ከኋላዬ ያለውን ሹፌር ሳልወርድ ነበር የምጠራው።"

ወይዘሮ አሳየች ለረጅም ጊዜ አዩት። ከዚያ ቀስ ብለው እጃቸውን መልሰው አወጡ። ረሂማም ከጧት ጀምሮ ጭኗ ላይ የተጋደመችውን እጇን አነሳች፤ ደንዝዛ ነበርና በሌላኛው እጇ ደግፋ ነው ያወጣቻት። ገመዳ በመስኮቱ ብረት አንድ በአንድ አየና፣ "አሁን ጸደቀ" ብሎ በሩን ከፈተ። ሰዉ እንደ ጎርፍ ወጣ። ጓድ አካሉ ከሁሉም ቀድሞ ወደ ሾላ ቁልቁል ሲወርድ ሮጠ እንዳይባል እጁን ወደ ኋላ አጣምሮ ነበር፤ እግሩ ግን ይሮጣል።

በሚቀጥለው እሑድ ረሂማ በማለዳ ሾላ ላይ ጆንያዋን እያነጠፈች ነበር። ጉም ከእንጦጦ ገና አልተነሳም። ሩቧ ወደ ስምንተኛ እጅ የምትቀነሰው በዚያ ሳምንት ስለሆነ ሙዘይን እንጦጦ ላይ ሌሊቱን እንዴት እንዳደረ አላወቀችም፤ እማማ ጂቱ ክፉ ነገር ቢኖር በገመዳ እልካለሁ ብለዋል፤ ገመዳ ደግሞ አልመጣም። በርበሬውን ትሰፍራለች፣ ትደፋለች፣ ደግማ ትሰፍራለች።

ያን ጊዜ ከላይ፣ ከባሕር ዛፉ ውስጥ ድምፅ መጣ። ወፍራም፣ ረጅም፣ ዳገቱን እየተንከባለለ የሚወርድ ድምፅ ነው።

"የቀበሌው ነዋሪ የሆናችሁ ሁሉ! ሦስት ሰዓት ላይ ስብሰባ አለ!"

ጫት ሻጯ ቀና አለች። ታክሲ የሚጠብቀው ሰው ቀና አለ። ረሂማ ቃሉን አልሰማችም፤ የምታዳምጠው ድምፁ መንቀጥቀጥ አለመንቀጥቀጡን ነው። መሐሉን ጠበቀች። መጨረሻውን ጠበቀች።

"በሩ ይቆለፋል!" አለ ድምፁ ከእንጦጦ። "ቡና የሚጠጣ ጠጥቶ፣ የሚያጨስ አጭሶ፣ የሚስብ ስቦ ይምጣ!"

አልተንቀጠቀጠም። ረሂማ ሻርፗን አስተካክላ የመጀመሪያዋን ደንበኛ ምን ልስጥሽ አለቻት።